ሰርቨሩን ይሉኝታ ይዞታል



ከመጀመሬ በፊት ይህችን ኬብል እዩልኝ። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ላትታያችሁ ትችላለች፤ አንድ ሜትር ተኩል የማትሞላ ግራጫ የኔትወርክ ኬብል ናት። ጫፎቿ ንጹሕ ናቸው፤ ስትሰካም «ቀጭ» ትላለች። በዚህች ኬብል ሰበብ ሦስት ቅዳሜና እሁድ አባክኛለሁ፣ የማያስፈልጉኝ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገዝቻለሁ፣ ከባለቤቴም ጋር ጥቂት ተኳርፈናል።

አዘጋጆቹ እንደነገሩኝ አብዛኞቻችሁ ሰርግና ልደት ትቀርጻላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ስቱዲዮ የከፈታችሁም አላችሁ። ሥራችሁን በየፍላሹና በየሃርድ ዲስኩ መበተን ሲሰለቻችሁ ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ውስጥ አንድ የጋራ ማከማቻ ሰርቨር አቁማችኋል። ስሞታችሁም አንድ ነው፦ ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ይንቀራፈፋል።

የእኔን ላስቀድም። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ቀረጻው ወደ 200 ጊጋባይት ይጠጋል። ማታ ከላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ ኮፒ ጀመርኩና ራት ልበላ ተነሣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል ብዬ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ፋይል በዚያው ጊዜ ያልቅ ነበርና። ተመልሼ ሳየው አንድ አሥረኛውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። መስኮቱ ላይ በሰከንድ 11.2 ሜጋባይት ይላል። ቁጥሩን አየሁት እንጂ አላነበብኩትም።

ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። 11.2። ምናልባት ይኼኛውም እንከን ይኖረው ይሆናል ብዬ ሌላ ጨመርኩ። 11.2። የሰርቨሩን ሶፍትዌር አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። አሁንም 11.2። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይኼን ነው፤ ዱላዬ ሁሉ ያረፈው ዳውላው ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ነገር ለዋውጬ ቁጥሩ ንቅንቅ አልል ሲለኝ መጠርጠር የነበረብኝ ሌላ ቦታ ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው እንዲህ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሰርጉ የመጡ ዘመዶች የሚያድሩበት ቦታ እንዲኖር ብለን ቁም ሳጥኑን ከቦታው አንሥተነው ነበር። አንደኛው እግሩ ይህችን ኬብል ረግጧታል። ሽፋኗ አልተቀደደም። ውስጧ ያለው ቡናማ ክር ግን ተበጥሷል።

በዚህች ኬብል ውስጥ ስምንት ክሮች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች፦ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዳቸው ነጭ ከተቀላቀለበት ጓደኛቸው ጋር። የዱሮው የ100 ሜጋቢት መስመር የሚሠራው በሁለቱ ጥንዶች ብቻ ነው፤ በተለመደው አሰካክ በብርቱካናማውና በአረንጓዴው። ሰማያዊውና ቡናማው ሥራ ፈት ናቸው። በ1999 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው በመዳብ ኬብል የሚሄደው የጊጋቢት ደረጃ ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። አንዲት ክር ከጎደለች ጊጋቢት የለም።

ታዲያ ቡናማዋ ስትበጠስ ምን ይፈጠራል? አምፖል ቢሆን ይጠፋል። ቧንቧ ቢሆን ያፈሳል። ሰርቨሩና በኬብሏ ሌላ ጫፍ ያለው ስዊች ግን በ1000 እንነጋገር ብለው ይስማማሉ፣ ይሞክራሉ፣ አይሆንላቸውም፤ ከዚያ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። መብራታቸው ይበራል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ ማንም ምንም አይልም።

ይህ ጠባይ በእኛ አገር ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ጉልበቱን እየቆረጠመው እንግዳ ፊት «ኧረ ደህና ነኝ፣ ምንም አልል» የሚል ሽማግሌ የሌለበት ቤት የለም። የኔትወርክ ዕቃም እንደዚያ ነው። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት፤ ጨርሶ ከሚቋረጥ ቀስ ይበል ብለው። አልተሳሳቱም። ዕዳው ግን የእኛ ነው፤ ዕቃው ሕመሙን አይነግረንም። ሊደብቀው የማይችለው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ቁጥሩን ለማንበብ አንዲት ስሌት ትበቃለች። ሻጭ የሚያወራው በቢት ነው፤ የኮፒ መስኮቱ የሚያወራው በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 1000 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ኔትወርኩ ለአድራሻና ለደረሰኝ የሚቆርጠው ስላለ እጃችሁ የሚገባው ከ110 እስከ 115 አካባቢ ነው። 100 ሜጋቢት ለ8 ደግሞ 12.5፤ ተቆራርጦ 11 እና ጥቂት። 200 ጊጋባይት በ112 ሲሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ በ11.2 ሲሄድ 5 ሰዓት። እንግዲህ የእኔ ቁጥር ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ «መንገዱን እየው!» እያለ ሲጮህብኝ ነበር። የደከመ ዲስክ ይዋዥቃል፤ አንዴ 60፣ አንዴ 9፣ አንዴ ጭራሽ ቀጥ። በአንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ የሚቀር ፍጥነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣራ የነካ ፍጥነት ነው። ጣራው የተበላሸ ኬብል ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመሃል የተረሳ አሮጌ ስዊች። ጀርባቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ የ100 ሜጋቢት የሆነ ርካሽ ራውተሮችም ሞልተዋል፤ ሰው ዋይፋዩን እንጂ ቀዳዳውን አይጠይቅም።

በቅርቡ ደግሞ አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ ፎቶ አንሺ ነው፣ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ሞተብኝ መሰለኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ኔትወርኩ ዛሬ ጭራሽ የለም፤ ቀስ ነው የሚለው። ለኢንተርኔት ሰዎቹ ልደውል እንዴ?»

«ቀስ ሲል ስንት ነው?»

«ቀስ ነዋ ጋሼ፤ በጣም ቀስ።»

«የኔ ልጅ፣ ቀስ ቁጥር አይደለም። መስኮቱን አይተህ ንገረኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። «35… 36… አሁን 34።»

«ዲስኩ በዩኤስቢ ነው የተሰካው?»

«እንዴት አወቁ?»

ጥንቆላ አይደለም። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት 480 ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ነው የሚሰጣችሁ። ልጁ ያለው ዲስክ የዩኤስቢ 3.0 ነው። 3.0 ከቀድሞው በተጨማሪ አምስት መገናኛዎች አሉት፤ እነሱ በደንብ ካልገጠሙ ወይም ገመዱ የዱሮ ከሆነ ዲስኩ ዝም ብሎ ወደ 2.0 ይወርዳል። ይኸው ይሉኝታ። ነቅለህ እስከ መጨረሻው ግፋው አልኩት። ከ100 አለፈ። ለኢንተርኔት ሰዎቹ ቢደውል ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እዚህ ላይ የቃላችንንም ጥፋት ልናገር። እኛ ዘንድ «ኔትወርክ» ማለት ኢንተርኔት፣ ወይም የስልክ ሲግናል ሆኗል። ከሳሎናችሁ ላፕቶፕ ወደ መኝታ ቤታችሁ ሰርቨር የሚሄድ ፋይል ግን ከቤታችሁ አይወጣም። የኢንተርኔት መስመራችሁ ቢቆረጥ፣ ክፍያ ባትከፍሉ፣ ፋይሉ መሄዱን አያቋርጥም። የኢንተርኔት ፓኬጅ አሳድጎ የቤቱ ሰርቨር እንዲፈጥንለት የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፤ የጎረቤቱን መንገድ አስፋልት አስነጥፎ የራሱ ደረጃ እንዲስተካከል የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው።

ቁጥሩ በራሱ ካልተናገረ መንገዱንና ጎተራውን ለዩ። መንገዱ ኬብሉ፣ ስዊቹና ዋይፋዩ ነው፤ ጎተራው ዲስኩ። አይፐርፍ 3 የሚባል በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሰርቨሩ ላይ አንዱን ትከፍታላችሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላውን፤ ዲስክ ሳይነኩ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ለ10 ሰከንድ ይወራወራሉ። ጤነኛ የጊጋቢት መንገድ 940 ሜጋቢት አካባቢ ያሳያል። 940 ካያችሁ ኬብሉን ተዉት፤ ነገሩ ያለው ጎተራው ወይም ጠባቂው ሶፍትዌር ጋ ነው። 94 ካያችሁ ደግሞ ዲስክ ልትገዙ ከቤት ወጥታችሁ ከሆነ ተመለሱ። እኔ ይህችን የ10 ሰከንድ ሙከራ የሠራኋት በሦስተኛው እሁድ ነው።

ዋይፋይን በሚመለከት ይህን ማይክ ተመልከቱ። አሁን እኔ ይዤዋለሁ፤ እናንተ ዝም ብላችኋል። በኋላ ጥያቄ ስትጠይቁ ማይኩ ወደ እናንተ ይሄዳል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ዋይፋይ ይህ ነው፤ በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ነው። የልጆቹ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጎረቤታችሁም ራውተር ያንኑ ማይክ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ላፕቶፑ 866 ሜጋቢት ተገናኝቻለሁ ቢላችሁ ከዚያ ውስጥ የፋይላችሁ ድርሻ በጥሩ ቀን ከግማሹ ትንሽ ዘለል ያለ ነው። ሰርቨሩም በዋይፋይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ከላፕቶፕ ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ሰርቨር፣ በዚያው በአንዱ ማይክ። ሰርቨር በዋይፋይ አይሰካም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። በ2012 ኢንቴል ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የዩኤስቢ 3.0 ዕቃና ገመድ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ዋይፋይም በዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው። ዲስኩን ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ «ኮፒ ስጀምር ዋይፋዩ ይታመማል» የምትሉ ካላችሁ አንድ ሜትር አርቁትና እዩት፤ ወይም ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩት።

አሁን ወደ ጎተራው። ኮፒው በ112 ጀምሮ ደስ ሲያሰኛችሁ ቆይቶ፣ ጥቂት ጊጋባይት እንዳለፈ ድንገት ወደ 25 ወርዶ ያውቃል? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ፍጥነት የዲስኩ አይደለም፤ ሰርቨሩ የመጣለትን በሜሞሪው እየተቀበለ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ዲስኩ እውነተኛ ፊቱን ያሳያል። ስለዚህ ትንሽ ፋይል አስተላልፎ «በጣም ፈጣን ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ፣ ከሰርቨሩ ሜሞሪ የሚበልጥ ፋይል አስተላልፍልኝ በሉት።

ለምን ወደ 25 ይወርዳል? አንደኛው ምክንያት ራሱ የዲስኩ አሠራር ነው። የአንዳንድ ሃርድ ዲስኮች የመጻፊያ መስመሮች ልክ ቤት ስናለብስ የአንዱን ቆርቆሮ ጫፍ በሌላው ላይ እንደምናደራርበው ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። ብዙ ነገር በጠባብ ቦታ ይይዛሉ። ግን የታችኛውን ቆርቆሮ መቀየር ብትፈልጉ ከላይ ያሉትን ማንሣት አለባችሁ። ዲስኩም እንደዚያው ነው፤ አንድ መስመር ላይ ለመጻፍ ተከታዮቹን አንብቦ እንደገና መጻፍ አለበት። ለማንበብ ምንም አይልም፤ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣበት ግን ይሰምጣል። በሚያዝያ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ በሚሸጠው ሬድ በተባለው መስመር፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት ዲስኮች ውስጥ ሳይናገር ይህን አሠራር ማስገባቱ ታውቆ ትልቅ ቁጣ አስነሥቷል፤ ኩባንያው አመነ፣ ያልተደራረቡትንም በኋላ ሬድ ፕላስ ብሎ ለያቸው። ዲስክ ስትገዙ መጠኑን ብቻ ሳይሆን «ኤስኤምአር ነው ወይስ ሲኤምአር?» ብላችሁ ጠይቁ። ኤስኤምአር የተደራረበው ነው፤ ለሰርቨር ሲኤምአሩን ውሰዱ።

ሌላው ምክንያት መብራት ነው፤ ይሄንን ለእናንተ አልነግራችሁም። በሥራ መካከል መብራት ድርግም ሲል፣ በርካታ ዲስኮችን አጣምሮ የያዘ ሰርቨር ሲነሣ «የጻፍኩት ሁሉ እርስ በርሱ ይስማማል?» ብሎ ዲስኮቹን ከዳር እስከ ዳር መመርመር ይጀምራል። ምርመራው ሰዓታት ይወስዳል፤ በዚያ ላይ የእናንተን ኮፒ ደርባችሁ ትጭኑበታላችሁ። ይህ ብልሽት አይደለም። ተዉት ይጨርስ፤ ከዚያ ለሰርቨሩ ዩፒኤስ ግዙለት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ስለ ፍጥነት ማሰብ አቁሙና ያለውን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ገልብጡ።

ፎቶ አንሺዎች፣ አሁን ለእናንተ ነው። «ፊልም ስልክበት ይበራል፣ ፎቶና የኤዲቲንግ ፕሮጀክት ስልክበት ግን ይሞታል» ትላላችሁ። ሰርቨሩም መንገዱም ንጹሕ ናቸው። 100 ሜጋባይት አንድ ፋይል ከሆነ በአንድ ሰከንድ ያልፋል። ያንኑ 100 ሜጋባይት 20 ኪሎባይት በሆኑ 5,000 ትናንሽ ፋይሎች ብትበትኑት ግን ነገሩ ይለወጣል። 5,000 አህያ፣ እያንዳንዷ አንድ ጣሳ ጤፍ ተጭና፣ በአንድ ኬላ ስታልፍ አስቡ። በየአንዳንዷ «ስምሽ ማን ነው? ፈቃድ አለሽ? ምን ያህል ይዘሻል? እለፊ፤ በሩን ዝጋ» አለ። ለእያንዳንዷ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢባክን በድምሩ 100 ሰከንድ ነው። ጤፉ አልጨመረም፤ የጨመረው ቃለ መጠይቅ ነው። በዚያ ላይ ሃርድ ዲስክ መርፌውን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አለበት፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከረው እንኳ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈልጋል። የላፕቶፑ ጸረ ቫይረስም በየፋይሉ ሁለተኛ ኬላ ያቆማል። መፍትሔው ትናንሾቹን በአንድ ዚፕ ጠቅልሎ መላክ ነው፤ አህዮቹን አራግፎ በአንድ አይሱዙ መጫን። ወይም ለትናንሽ ፋይሎች አንዲት ኤስኤስዲ ሰርቨሩ ውስጥ መጨመር።

በሶፍትዌሩ በኩል ብዙ አልቆይም፤ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያ ስለሆነ። አብዛኛው የቤት ሰርቨር ለዊንዶውስ ፋይል የሚያቀርበው ሳምባ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ አንድሪው ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ በ1992 የጀመረው ነው፣ እስከ ዛሬም በደንብ ይሠራል። የሚያበላሸው እኛ ነን። የዛሬ 20 ዓመት የተጻፈ «ማፍጠኛ» ቅንብር ከሰው ወስደን እንለጥፍበታለን፤ ለምሳሌ የመቀበያ ቋቱን በ8,192 ባይት የሚቸነክረውን መስመር። የዛሬው ሊኑክስ ቋቱን እንደ መንገዱ ራሱ ያሰፋል፤ ያ መስመር እጁን ያስረዋል። አጥፉት። ለአሮጌ ቴሌቪዥን ብላችሁ ሳምባ የሚናገረውን የኤስኤምቢ ቋንቋ የመጀመሪያ ዕትም ከከፈታችሁም ዝጉት፤ መንቀራፈፉ ሳያንሰው በ2017 ዋናክራይ የተባለው ተባይ ዓለምን ያዳረሰው በእሱ ቀዳዳ ነው። ፓኬቱን ከ1,500 ወደ 9,000 ባይት አሳድጉ የሚሏችሁንም በጊጋቢት ቤት አትስሟቸው፤ ጥቅሙ ጥቂት ነው፣ በመንገዱ ካሉት አንዱ ዕቃ ካልተስማማ ግን ኮፒው ጨርሶ ይቆማል።

«ዋሽንግተን ያለችው እኅቴ የሰርጉን ፎቶ ከሰርቨሬ ስታወርድ ለምን ይንቀራፈፋል?» ብሎ አስቀድሞ በጽሑፍ የጠየቀኝ አለ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ በቀጥታ የተሰመረ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ 115 ሚሊሰከንድ ነው፤ እውነተኛው መንገድ ደግሞ ጠማማ ነው። ያችኑ ኬላ ውቅያኖስ ማዶ አቁማችሁ 5,000 አህያ ስታሳልፉ፣ ለየአንዷ አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ቢሆን፣ 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ምንም ዕቃ ብትገዙ ብርሃንን አታፈጥኑትም። ዚፕ አድርጋችሁ በአንድ ፋይል ላኩላት፤ የሰርቨሩንም በር ለኢንተርኔት አትክፈቱት።

ለጥያቄ ጊዜ አለን። ስትጠይቁ ግን «ቀስ ይላል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቁጥሩን አስቀድሙ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን የሚዋዥቅ ጨምሩበት። ኬብሏን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ። ስትወጡ አንሥታችሁ ዳብሷት፤ ከአንደኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ በጣት የምትታወቅ ትንሽ ስርጉድ አለች።